ምሳ በልተሃል? ኦቨር

እኔ ሬዲዮ ስል እናንተ ዜና የሚያነበውና ዘፈን የሚጋብዘው መስሏችኋል። አልፈርድባችሁም፤ ባለቤቴም አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያው መስሏት «እስቲ ያን ነገርህን ክፈተውና መዝሙር እንስማበት» ትለኝ ነበር። የኔው ሬዲዮ ሌላ ነው፤ ይሰማል፣ ይናገራልም። ቁልፉን ተጭናችሁ ትናገራላችሁ፣ ለቃችሁ ትሰማላችሁ፣ ስትጨርሱ «ኦቨር» ትላላችሁ። በቃ። ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ከዚህ የቀለለ ትምህርት አላጋጠመኝም፤ ሰው ጋ ሲደርስ እንዲህ የሚከብድ ትምህርትም አላጋጠመኝም።

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ንብ ያረባል፣ ዶሮ ያረባል፣ ወይም ሐይቁ ዳር ወርዶ ዓሣ ለሚያጠምዱት ያልተጠየቀ ምክር ይሰጣል። እኔ ክበብ አቋቋምኩ። ስሙ «የሐይቅና አካባቢው የአማተር ሬዲዮና የአደጋ ጊዜ ግንኙነት ዝግጁነት ክበብ» ይባላል። ስሙን ጠርታችሁ ሳትጨርሱ አደጋው ደርሶ ያልፋል። አማተር ማለት ያለ ደመወዝ፣ በፍቅር ብቻ የሚሠራ ማለት ነው ብዬ ሳስረዳ አንድ ጎረቤቴ «ታዲያ አስተማሪ እያለህስ ምን ነበርክ?» ብሎኛል። ፈቃዱን አውጥቼ፣ ጣሪያዬ ላይ የባሕር ዛፍ አጣና አቁሜ አንቴናውን ስሰቅልበት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ኳስ ያሳያል ተብሎ ስለተወራ ቅዳሜ ወንበር ተሸክመው የመጡ ጎረምሶች ነበሩ። ሬዲዮ መሆኑን ስነግራቸው ወንበራቸውን ተሸክመው ሲመለሱ ያዘኑልኝ እነሱ ናቸው።

አባላቱ ሦስት ነን። አንዱ እኔ ነኝ፤ ሊቀመንበርም፣ ጸሐፊም፣ የቴክኒክ ኃላፊም ነኝ፤ በሦስቱም ሥራ የነቀፈኝ የለም። ሁለተኛው ይማም ነው። አምባሰል ተረተር ላይ፣ መኪኖች ሞተር ለማቀዝቀዝ የሚቆሙበት ቦታ ሱቅ አለው። ድሮ ተማሪዬ ነበር፤ ፊዚክስ ሁለት ጊዜ ወድቋል። ሦስተኛው መሪጌታ ጥበቡ ናቸው፤ ከግሸን ግርጌ፣ እኔ በተወለድኩባት መንደር፣ ቅኔ ያስተምራሉ። በምኖርባት በሐይቅ ከተማና በመንደሬ መሀል ተራራ ስላለ የሬዲዮው ድምፅ በቀጥታ አያልፍም። ተራራው ራስ ላይ የተቀመጠው ይማም ግን ሁለታችንንም ይሰማል። ስለዚህ መሪጌታ ያሉትን ለኔ ያስተላልፋል፣ እኔ ያልኩትን ለመሪጌታ ያስተላልፋል። ይማም ከሌለ ክበባችን ማለት ተራራ መሀላቸው የቆመ ሁለት ሽማግሌዎች ማለት ነው። በየቀኑ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ ሶላሩን አናቱን ስትለው፣ ሦስታችንም እንከፍታለን።

ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ራሴ ላይ እንዳመጣሁ ልንገራችሁ። ያ ስልክ የጠፋበትና መንገዱ የተዘጋበት ዘመን መቼም አይረሳችሁም። አንድ ቀን ገበያ ወጥቼ የሽንኩርት ዋጋ ስከራከር ሻጩ ያገሬ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ፊቴን ትክ ብሎ አየኝና የወንድሜን ስም ጠርቶ የሱ ታናሽ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነኝ ስለው «እግዜር ያጥናህ» አለና ሁለት ራስ ሽንኩርት መረቀልኝ። ታላቅ ወንድሜ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ አርባው ወጥቶ ነበር። ሽንኩርቱን እንደታቀፍኩ እዚያው ገበያ መሀል ቆሜ አለቀስኩ። አላፊ አግዳሚው በሽንኩርት ዋጋ የማለቅስ መስሎት «አይዞህ፣ ይወርዳል» ይለኝ ነበር።

ያን ቀን ማልኩ። ከእንግዲህ የዘመዴ መርዶ በገበያ አይነገረኝም፣ ቀብርም አያመልጠኝም አልኩ። የቀረችኝ ዘመድ ደግሞ አንዲት እህት ናት፤ እትዬ ጥሩወርቅ፤ እዚያው መንደራችን። እናታችን በልጅነቴ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ክበቡ ስሙ ምንም ያህል ቢረዝም፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ የተቋቋመው ለእትዬ ጥሩ ነው። ስትታመም ልሰማ፣ ቢብስባት ልደርስ።

ቀጥሎ ደንብ አወጣሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም አለኝ። ካርቶን ላይ ጽፌ ከሬዲዮው በላይ ሰቀልኩ፤ ለሁለቱም አባላት እንደዚያው ጽፌ ላክሁላቸው። አንደኛ፣ አጭር ተናገር። ሁለተኛ፣ ስትጨርስ ኦቨር በል። ሦስተኛው በቀይ ቀለም ነው፤ አስተላላፊ የሰማውን ያስተላልፋል፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ይማም ሲያነበው «መምህር፣ 'ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት' አይደል የሚባለው?» አለኝ። ሬዲዮ ላይ መላ አይጨመርም፤ መላ የጨመረ ሰው ከክበቡ ይሰናበታል አልኩት። ከሦስት አባል አንዱን አሰናብቼ ምን እንደምሆን ያኔ አላሰብኩም።

ታዲያ አጭር መናገር በወሎ ስድብ ነው። ይማም «እንዴት ዋሉ መምህር» ብሎ ከጀመረ እኔን ጠይቆ፣ ባለቤቴን ጠይቆ፣ ልጄን፣ ላሜን፣ የሚያመኝን ጉልበቴን ለብቻው ጠይቆ፣ ባትሪው ሲዝል «ሌላ ነገር የለም፣ ሰላም ነው» ብሎ ይዘጋል። ኦቨር አይልም። ስንት ጊዜ ብመክረው «ኦቨር ስል ሰው ያባረርሁ ይመስለኛል» እያለ እምቢ አለ። መሪጌታ በበኩላቸው ነገርን በቀጥታ መናገር ብልግና ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ በግ ጠፋ ለማለት ከኦሪት ይነሳሉ። ሲጨርሱም በኦቨር ፈንታ «ወስብሐት ለእግዚአብሔር» ይላሉ። ይማም አይጨመርም አይቀነስም ተብሏልና፣ ሙስሊሙ ሰውዬ ወስብሐቱን ሳይቀር አንድ ሳያጎድል ያስተላልፍልኛል።

በዚህ ላይ የይማም እናት እመት ፋጡማ አሉ። ቤታቸው ከኔ ቤት ጀርባ ነው፤ ልጃቸው ተራራ ላይ ከወጣ ወዲህ በየሐሙሱ ስድስት ሰዓት ላይ እየመጡ ያናግሩታል። ሬዲዮውን ቀና ብለው አያዩትም፤ ውስጡ ባዕድ ወንድ የተቀመጠ ይመስል ሻሻቸውን ሳብ ያደርጋሉ። ካናገሩት በኋላ ዱአ ያደርጉለታል፤ ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዱአ ያለ አሚን አይሆንም። እሳቸው ቁልፉን ሳይለቁ ይመርቃሉ፤ ይማምም ከወዲያ በየመሀሉ ተጭኖ አሚን ይላል። ሁለት ሰው ባንዴ ከተናገረ ሬዲዮ አንዱንም አያሰማም። አሚኑ ስላልተሰማቸው ዱአውን እንደገና ከሥሩ ይጀምሩታል። እመት፣ እዚህ ላይ ሰው የሚናገረው በተራ በተራ ነው ስላቸው «ልጄ፣ አሚንም ተራ አለው እንዴ?» አሉኝ። ሐሙስ ሐሙስ ባትሪዬ በምርቃት ያልቅ ነበር።

አንድ ጊዜ የአደጋ ጊዜ ልምምድ አዘጋጀሁ። መንገዱ ተናደ ብለን እናስብና ጥሪው መንደር ለመድረስ ምን ያህል እንደሚፈጅ እንለካ አልኩ። ጥሪውስ ወዲያው ደረሰ፤ ልምምድ መሆኑ ግን ከመሪጌታ ደጃፍ አልወጣም። መንደርተኛው ዶማና አካፋውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የተናደ ነገር ሲታጣ መሪጌታ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ብለው የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አሳጠሩበት። እኔም «ልምምዱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ብዬ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። እትዬ ጥሩም ለሠራተኞቹ ጠላ ተሸክማ ወጥታ እንደነበር፣ ስትመለስ ሳል ይዟት እንደነበር በይማም በኩል ሰማሁ። በሚመጣው ሳምንት ሄጄ አያታለሁ አልኩ። ሳምንቱ ሲመጣ አንቴናው ዘመመ፤ አንቴናውን ሳቃና ሌላ ሳምንት መጣ። በየቀኑ በስድስት ሰዓት ደህና ናት ሲሉኝ የጠየቅኋት እየመሰለኝ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ባለቤቴ አራሷን ልጃችንን ልትጠይቅ ደሴ ሄዳ ቤቱ ውስጥ እኔና ሬዲዮው ብቻ ነበርን። ስልክ እንደ ልማዱ ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቷል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከፈትኩ።

«መምህር፣ ምሳ በልተዋል?» አለኝ ይማም። ሰላምታ የለ፣ የጉልበቴ ነገር የለ።

ገና ነው አልኩት፤ መሪጌታ ያሉት ነገር ካለ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። እሱ ግን አብሮኝ ማን እንዳለ ጠየቀኝ። ማንም የለም፣ ሬዲዮ ለማናገር ሰው አይጠራም አልኩት። ባለቤቴ መቼ እንደምትመለስ ጠየቀኝ። ጎረቤት ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ባዶ ሆዴን እንዳልውል አደራ አለኝ። ስለ ምሳ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያነሳ ትዕግሥቴ አለቀ። ይሄ የአደጋ ጊዜ መሥመር እንጂ ምግብ ቤት አይደለም፣ መልእክት ካለህ ተናገር፣ ከሌለህ ዝጋ ብዬ ጮኽኩበት።

«ይሁን መምህር» አለና ዘጋ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ስጽፍ ዋልኩ። እንዲያ ያማረ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። «ጉዳዩ፦ ባትሪን አስቸኳይ ባልሆነ ወሬ ስለማባከን» ብዬ ጀመርኩ። «ከላይ በርእሱ ለመጥቀስ እንደተሞከረው፣ እርስዎ በዛሬው ዕለት ከቀኑ በስድስት ሰዓት 'ምሳ በልተዋል ወይ' የሚል፣ ከአደጋ ጊዜ ግንኙነት ጋር አንዳች ግንኙነት የሌለው ጥያቄ ሦስት ጊዜ በማቅረብ የክበቡን መሥመር ያለ አግባብ እንደያዙ ተረጋግጧል» እያልኩ ወረድኩበት። ግልባጭ ለመሪጌታ፣ ግልባጭ ለመዝገብ ቤት። መዝገብ ቤት የተባለው የባለቤቴ ቁም ሣጥን ነው። ከዚያ ምሳዬን ከራት ጋር በልቼ ተኛሁ።

ጧት በር ተንኳኳ። ስከፍት ይማም ቆሟል። ከጎኑ የሰፈራችን ቄስና አንድ ሸህ አሉ፤ ከኋላቸው እመት ፋጡማ። ልቤ ሞቅ አለ። በትናንቱ ጥፋቱ ተጸጽቶ፣ ተራራውን ወርዶ፣ ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሊጠይቀኝ መጣ ብዬ ደመደምኩ። እናቱን መጨመሩ ማብዛት መሰለኝ እንጂ ሰው ጥፋቱን ሲያውቅ ደስ ይላል። ግቡ እንኳን አላልኳቸውም። ኮቴን ደረብኩ፣ መነጽሬን ሰካሁ፣ ደብዳቤውን ከኪሴ አወጣሁና በረንዳዬ ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነው ያነበብኩት። «ወደፊት ከእንዲህ ዓይነቱ ድርጊት እንዲቆጠቡ» የሚለው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጣቴንም አንስቼ ነበር። ቄሱ ሸሁን አዩ፣ ሸሁ መሬት መሬቱን አዩ። ይማም አንገቱን ደፍቶ እስከ ግልባጩ ድረስ ሰማኝና «ልክ ነዎት መምህር» አለ።

«ልጄ፣ ወረቀቱን አኑረውና ተቀመጥ» አሉኝ እመት ፋጡማ።

ለዕርቅ የመጣ ሽማግሌ ራሱ እስኪፈቀድለት ቆሞ ይለምናል እንጂ ተበዳዩን ተቀመጥ አይልም። ያኔ ዓይኔ ተገለጠ። ለካ ቄሱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ለካ የይማም ዓይን ደም መስሏል። አሁንም ይህን ስጽፍ ያቺ የተነሳች ጣቴ ታሳፍረኛለች።

«እትዬ ጥሩ ናት?» አልኩ።

እመት ፋጡማ እጄን ያዙኝ። ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ፤ ማስጠንቀቂያዬ እጄ ላይ ነበር።

ቄሱ ከነገሩኝ በኋላ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቅኩ። ይማም እንደምንም አወጣው። ያረፈችው ትናንት ጎህ ሲቀድ ነው። ወትሮ ያን ዕለቱን ትቀበር ነበር፤ አሁን ግን ሬዲዮ አለ፣ ወንድሟ ሰምቶ ይደርሳል ብለው ለኔ ሲሉ አሳደሯት። ቀብሩ ዛሬ ሦስት ሰዓት ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ከሐይቅ ይማም ሱቅ ድረስ መኪና ከቀና ሦስት ሰዓት፣ ከዚያ በእግር መንደራችን ድረስ ሌላ አራት ሰዓት ነው። ይህን ለመደመር የፊዚክስ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ይማም ሞቷን የሰማው በዚያው በስድስት ሰዓቱ ግንኙነት ነው፤ እኔን ምሳ በልተዋል ከማለቱ በፊት። ሱቁን ዘግቶ፣ መኪና አጥቶ፣ ግማሹን በእግሩ ወርዶ ሐይቅ ሲደርስ መሽቷል። መርዶ ደግሞ ማታ አይነገርም። ስለዚህ ቄስና ሸህ ሲፈልግ አመሸ፣ እናቱ ቤት ቁጭ ብሎ አነጋ፣ በወጉ በማለዳ ይዟቸው መጣ። እኔን ሳይጎዳ ሊያረዳኝ ሲደክም እህቴ ወንድሟን ስትጠብቅ አደረች።

መንገድ ላይ ይማምን አንድ ቃል አላናገርኩትም። ገደሉ ላይ ክንዴን ሲደግፈኝ እጁን አላራገፍኩም፤ ግን አላመሰገንኩትም። ስንደርስ ስምንት ሰዓት አልፏል። የመቃብሯ አፈር ገና እርጥብ ነው፤ ቀባሪው እጁን ታጥቦ ድንኳን ገብቷል። መሪጌታ ጥበቡ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው።

«እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ መንገድ መንገዱን ስናይ ቆየን» አሉኝ። «በስድስት ሰዓት ሬዲዮውን ከፈትሁ፤ የሚመልስ የለም። ከዚያ ወዲያ ምን እናድርግ፣ አፈር አለበስናት።»

ማን ይመልስላቸው? የኔ ሬዲዮ ሐይቅ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የይማም ደግሞ የተዘጋው ሱቁ ውስጥ። ለአደጋ ጊዜ ያቋቋምኩት ክበብ አደጋው ሲደርስ ከሦስት አባሉ ሁለቱ ገደል ለገደል እየሄዱ ነበር። መሪጌታ ደግሞ የዋዜማው ዕለት ቅኔ እንዳላበዙ ነገሩኝ። ጥሩወርቅ አረፈች፣ ቀብሯ ነገ በሦስት ሰዓት ነው፣ ወንድሟ ይድረስ፤ ያሉት ይኸው ነው። በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ በቀጥታ ቢናገሩ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ የቀነሰ አስተላላፊ ገጠማቸው።

ሦስት ቀን ልቅሶ ተቀመጥኩ። ይማም ከአጠገቤ አልራቀም። ሰው ሲመጣ ያስነሳኛል፣ ሲሄድ ያስቀምጠኛል፣ ምግብ ሲቀርብ ጠቅልሎ ያጎርሰኛል። ጉርሻውን እየተቀበልኩ ነው የተኳረፍኩት፤ እንዲህ ያለ ኩርፊያ አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። በሦስተኛው ቀን አላስችል ቢለኝ ደንቡን ታውቅ አልነበረም ወይ አልኩት።

«አውቃለሁ መምህር» አለኝ። «ግን ብቻዎን ነበሩ፤ ምሳም አልበሉም። ነግሬዎት ቢወድቁ ማን ያነሳዎታል፣ ያ ሣጥን? አልቻልሁም፤ ወላሂ አልቻልሁም።»

ልክ ነህም አላልኩት፣ ጥፋተኛ ነህም አላልኩት። ተናድጄበት ነበር፤ በራሴ ግን ይበልጥ ተናድጄ ነበር። ያቺን ሳል ከሰማሁ በኋላ ስንት ሳምንት አልፏል? አንቴና ሳቃና እህቴን ሳላያት የቀረሁ እኔ ነኝ።

ሐይቅ ተመልሼ ግን ሞኝና ወረቀት አልኳችሁ። ስብሰባ ጠራሁ። አጀንዳው የአቶ ይማምን ስንብት ይመለከታል፤ ተሰብሳቢው ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና የቴክኒክ ኃላፊው ነው፤ ያው ሦስቴ እኔ። ድምፅ ልሰጥ ስል እመት ፋጡማ ገቡ። ሐሙስ ነበር፤ እሳቸው ሐሙሳቸውን አይስቱም። ለሬዲዮው ሻሻቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡና ስለምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ልጄን አትቆጣው» አሉኝ። «እንዲያ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሞትን ብቻውን ላለ ሰው አይነግሩም፤ በባዶ ሆዱም አይነግሩም።» ሻሻቸውን አስተካከሉና ቀጠሉ። «የኛ ጀናዛ ግን አያድርም፤ ታውቃለህ። የኔው ቀን ሲመጣ እንዳያመልጠው። አደራ።»

ምን ያወራሉ እመት፣ ገና ብዙ ዕድሜ አለዎት አልኳቸው፤ ሰው እንዲህ ሲባል የሚለውን ማለት ነው። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ከዚያ በኋላ በየሐሙሱ ሲመርቁ ስለ ባትሪው አላነሳሁባቸውም። የይማም አሚን ሳይሰማቸው ሲቀር እኔ ከጎናቸው ሆኜ አሚን እያልኩ ዱአው በአንድ ዙር እንዲያልቅ አደርግ ነበር።

ክረምቱ አልፎ፣ የግሸን ተጓዦችም ወጥተው ከተመለሱ በኋላ፣ አንድ ማለዳ ባለቤቴ ከእመት ፋጡማ ቤት እያለቀሰች መጣች። ለሱብሂ ሰላት ተነስተው፣ ዉዱእ አድርገው፣ መስገጃቸው ላይ እንዳሉ አረፉ። ቀብራቸው ለአሱር፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለሚሰገደው ሰላት ነው። ስልክ ጠፍቷል። ይማም ተራራው ላይ ነው፤ ሬዲዮውን የሚከፍተው በስድስት ሰዓት ነው፤ ከሱቁ ሐይቅ ለመውረድ ደግሞ መኪና ከቀናው ሦስት ሰዓት ነው። ቀብሩን ትንሽ ማቆየት ይቻል እንደሆን ሸሁን ጠየቅኳቸው። ከአሱር በላይ ጀናዛ አይያዝም፣ አላህ ያድርሰው አሉኝ።

ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ሬዲዮው ፊት ተቀመጥኩ። ከራሴ በላይ ሦስተኛው ደንብ በቀይ ተጽፏል። የሚያስፈልገው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነው፤ አስቀድሜ ወረቀት ላይ ጻፍኩት፣ ደጋግሜም አነበብኩት። እናትህ አርፈዋል፣ ቀብር ለአሱር ነው፣ ቶሎ ድረስ። ፊዚክስ እንዳስተማርኩት ልናገረው አሰብኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። የይማም ድምፅ መጣ፤ እንዴት ዋሉ መምህር፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው እያለ። ወረቀቱን በግራ እጄ ይዤ ቁልፉን ተጫንኩ።

«ይማም፣ ምሳ በልተሃል? ኦቨር» አልኩት።

ሬዲዮው ሽ ይላል፤ ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ አፏን በነጠላዋ ይዛለች። ያን ያህል ረጅም ዝምታ በዚያ መሥመር ላይ ሰምቼ አላውቅም።

«አልበላሁም» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተለውጧል። «ግን ብቻዬን አይደለሁም፤ ሱቁ ውስጥ ሰው አለ። ይንገሩኝ መምህር። እናቴ ናት? ኦቨር።»

ኦቨር ሲል ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው።

ነገርኩት። አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዎች «ኢና ሊላሂ» ሲሉ፣ አንዱም ሾፌሩን ጥሩት እያለ ሲጣራ ሰማሁ፤ ይማም እጁን ከቁልፉ ላይ ማንሳት አቅቶት ነው። ከዚያ መሥመሩ ተዘጋ።

አሱር ደረሰ፤ ተሰገደባቸው። ቃሬዛው ሊነሳ ሰው ጎንበስ ሲል አንድ የጭነት መኪና አቧራውን እያቦነነ ከመስጊዱ በር ቆመ። ይማም መኪናው በቅጡ ሳይቆም ነው የዘለለው። ሰው መንገድ ከፈተለት፤ ሄዶ የቃሬዛውን የፊት ቀኝ እግር ያዘ። እኔም ከኋላ ገባሁ፤ ጉልበቴ ቢያመኝም የድርሻዬን ተሸከምኩ።

ቤት ገብቼ መዝገቡን አወጣሁና «መልእክቱ ደርሷል» ብዬ ጻፍኩ። ደንቡ የሚለው ይህን ብቻ ጽፌ እንድዘጋ ነው። እኔ ግን ከሥሩ ጨመርኩበት፤ «ልጃቸውም ደርሷል።»